ልክ ሰው የበረደው ዓመት

በእኛ አገር የሚለካው ሁሉ በሰው ነው የሚለካው። ሌላ አገር በብረት ይለካሉ፣ በውሃም ይለካሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አላየሁም። እኛ ዘንድ በየሰባት ዓመቱ አንድ ጤነኛ ሰው ይመረጥና ልክ ሰው ይባላል። ክንዱ የጨርቅ ክንድ ነው። ጥጋቡ የአንድ ሰው ራት ነው። እሱ ሲያልበው በጋ ገባ ተብሎ ጋቢ ይታጠፋል፤ እሱ ሲያንቀላፋ ሱቅ ይዘጋል። ልጅ ሳለሁ የነበረው ልክ ሰው አጭር ስለነበረ ያኔ የተሠራ ቤት ሁሉ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ እስከዛሬ ግንባራችንን እንመታለን። ማንም ግን በሩ አጠረ አይልም። ሰዉ ረዘመ ነው የሚባለው።

ስሜ ትርንጎ ነው። ከሰል እሸጣለሁ። የምነግራችሁ በእህቴ በስንዱ ላይ የደረሰውን ነው።

ስንዱ ታናሼ ናት፤ ፍራሽ ሰፊ ናት። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት የአንገት ብርድ ያዛት። የአንገት ብርድ ማለት እንዲህ ነው፤ ከጉሮሮ ሥር ያለችው እጢ ትተኛለች፣ እሷ ስትተኛ የሰውዬው ነገር ሁሉ አብሮ ይተኛል። በጠራራ ፀሐይ ይበርደዋል። ፊቱ ያብጣል፣ ፀጉሩ ማበጠሪያ ላይ ይቀራል፣ ቅንድቡ ከጫፉ ይመለጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። ስትጠይቁት መልሱ ከሩቅ አገር በእግሩ እንደሚመጣ መንገደኛ ነው። ቁጭ ብላችሁ ትጠብቁታላችሁ። ካልታከመም አንድ ቀን መልሱ ሳይደርስ ሰውዬው ይሄዳል።

መድኃኒቱን ያገኘው የቄራው ዋሲሁን ነው። በበሬ አንገት ውስጥም ያቺው እጢ አለች። ድሮ ለውሻ ነበር የምትጣለው። ዋሲሁን እናቱ በዚሁ በሽታ ስትማቅቅበት ውሾቹን አየ፤ የቄራ ውሻ በርዶት አያውቅም። እጢዋን አወጣ፣ ስቧን ገፈፈ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አደረቀ፣ ወቀጠ፣ ነፋ፣ ለእናቱ ሰጣት። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በቢላ ጫፍ አንድ ቁንጣሪ። እናቱ በወሯ ተነስታ ጎረቤቷን ተሳደበች። ያን ጊዜ መዳኗን ሁሉም አወቀ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ አንገቱ የበረደው ሁሉ ወደ ዋሲሁን ሆነ። አርባ ያህል ነበሩ።

ዋጋውን በከሰል ልንገራችሁ፣ እኔ የማውቀው ሂሳብ እሱ ነው። ለሁለት ወር ዱቄት አንድ ዘንቢል ከሰል እወስድለት ነበር።

"በዛ፣ ግማሹን መልሺ" ይለኛል።

"ያመጣሁትን አልመልስም" እለዋለሁ።

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት ሄዱ። ስንዱም እየሳቀች፣ በሁለት ቀን አንድ ፍራሽ እያወጣች ኖረች።

ከዚያ ዱቄት ቤት መጣ። ዱቄት ቤት መንግሥት ይሁን ነጋዴ እኔ እንጃ። ማኅተም ስላለው መንግሥት ይመስላል፣ የገንዘብ ሳጥን ስላለው ነጋዴ ይመስላል። ሹሙ አቶ መርዕድ ይባላሉ፤ መጥፎ ሰው አይደሉም፣ ሰው ሲያለቅስ መሐረባቸውን አውጥተው ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቀን አደባባይ ሰብስበውን እንዲህ አሉ፤

"ይህ ዱቄት መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ከቅርብ አይመጣም። ከቅርብ የሚመጣ ነገር ምግብ ነው።"

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፣ አልዋሽም፤ ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር።

መንገድ ያልሄደ መድኃኒት አይሸጥም ተባለ። ቄራውና ዱቄት ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት፤ ዋሲሁን ወዲህ ሲያስነጥስ አቶ መርዕድ ወዲያ ሆነው "ይማርህ" ይላሉ። እጢው ግን ከቄራው ይወጣል፣ በቅሎ ላይ ይጫናል፣ በምሥራቁ በር ይወጣና ከብዙ ቀን በኋላ በምዕራቡ በር ይገባል። በየኬላው ማኅተም አለ፣ ለየማኅተሙ ዋጋ አለ። ለሁለት ወር ዱቄት በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጆንያ ከሰል፣ በሁለተኛው ሰባት፣ በሦስተኛው አሥራ አንድ ሆነ።

አንድ ቀን በቅሎዋን ተከተልኳት። የከተማውን ግንብ ታክካ ዝም ብላ ትሄዳለች። ነጂው አባተ ከኋላው መሆኔን አይቶ ቆመልኝ።

"እመት ትርንጎ፣ ወዴት ነው?"

"መድኃኒቱ የሚመጣበትን አገር ልየው ብዬ።"

"እንግዲያው ደርሰሻል" አለና ቁጭ ብሎ ስንቁን ፈታ። ከግንቡ በላይ የዋሲሁን ቆርቆሮ ጣራ ሲያብለጨልጭ ይታየኛል።

"ይሄ የኛው ጓሮ አይደለም እንዴ?"

"ጓሮ መሆኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። በቅሎዋ መንገድ ነው የምታውቀው። ዘንድሮ ዘጠኝ ጊዜ ትዞራለች፣ አምና ስድስት ነበር። መንገዱ ስለረዘመ ነው የተወደደው።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ በዙር ነው የሚከፈለኝ፣ ምን እላለሁ? ከፈለግሽ እሷን ጠይቂያት።"

በቅሎዋን አየኋት። እሷም አየችኝ። ተመለስኩ።

ዋጋው ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። ዱቄት ለመግዛት የብርድ ካርድ ያስፈልጋል ተባለ። ካርዱን የሚሰጠው ልክ ሰው ነው። በየሁለት ወሩ ሄደህ እጅህን ትሰጠዋለህ፣ ይጨብጥሃል፤ እጅህ ከእሱ እጅ ከቀዘቀዘ ታመሃል። ዱቄቱን የወሰደ ሰው እጅ ደግሞ አይቀዘቅዝም። ስንዱ የመጀመሪያው ቀን ሞቅ ያለ እጇን ሰጥታ "ደህና ነሽ፣ ዱቄት አያስፈልግሽም" ተባለች። "ደህና የሆንኩት በዱቄቱ ነው" ብትል የዱቄት ቤቱ ሰዎች "እንኳን ደስ አለሽ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀን። ካርዱ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መውሰድ ታቆማለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ታብጣለች፣ ካርዷን ታገኛለች፣ መልሳ ትሞቃለች። ነገ ደግሞ ስንት ይገባ ይሆን ብለን ስለምንፈራ በየቀኑ ቁንጣሪዋን ትገምስና ግማሹን በጣሳ ታስቀምጣለች።

"እትዬ፣ እኔ ዓመቱን በግማሽ እየኖርኩ ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

"ግማሹስ የት ገባ?"

"ለአባተ በቅሎ ከፈልኩት።"

የዚያ ጊዜው ልክ ሰው ጋሽ ማናዬ ነበር። ልክ ሰው አንቱ አይባልም፣ ከመሐላችን አንዱ ነውና። ጋሽ ማናዬ ደልዳላ ነው፣ ሳቂታ ነው። የተመረጠ ዕለት አንድ ሙሉ ዳቦ ጨርሶ "አንድ ሰው ይህን ያህል ይበላል" ብሎ ስለፈረደ፣ ሰባት ዓመት ጠግበን ልንበላ ነው ብለን ሁላችንም ወደድነው። በአምስተኛው ዓመቱ፣ በበጋው እኩሌታ፣ ቆርቆሮ እጅ በሚያቃጥልበት ወር፣ አደባባይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትከሻውን ሰበሰበና "ብርድ ነው" አለ።

ብርድ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ አዋጅ ተነገረ። ጋቢ ይደረብ፣ በየቤቱ ከሰል ይቀጣጠል። ያላበው ሰው ከተገኘ ትኩሳታም ነው ተብሎ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገቡ እንዲቆም ተደረገ፤ ወንዙ በዚያ ሙቀት ደስ ስለሚል ብዙ ሰው ሆን ብሎ ያልበው ጀመር። ጋሽ ማናዬ በቀን አራት ጊዜ ስለሚያንቀላፋ ሱቅ በቀን አራት ጊዜ ይዘጋል። ምግብም አልበላ ስላለው የዳቦው መጠን አነሰ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ዕድሜ ለጋሽ ማናዬ አሉ።

እኔም ብያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ፤ ከሰል ነጋዴ ነኝ። በዚያ በጋ የሸጥኩትን ያህል በዕድሜዬ ሸጬ አላውቅም። አሥራ አንድ ጆንያ ምንም አልመሰለኝም።

"ስንዱ፣ ከእንግዲህ ግማሽ የለም፣ ሙሉ ትወስጃለሽ" አልኳት። ገንዘቤን ቋጥሬ፣ እሷን አስከትዬ ካርድ ልናሳድስ ሄድን። እንደ ደንባችን ሁለት ሳምንት ቀዝቅዛለች።

ጋሽ ማናዬ እጇን ያዘ። ብዙ ቆየ።

"ልክ ናት" አለ።

"እንዴት ሆኖ?" አልኩ እኔ።

"እንደኔው ናት።"

ካርዷን ቀደዱት። በዚያ ሳምንት አርባዎቹም እጃቸውን ሰጡ፣ አርባዎቹም ልክ ሆኑ። ዱቄት ቤት በሽታው ከአገር ጠፋ ብሎ ድግስ ደገሰ። አቶ መርዕድ ንግግር አድርገው አለቀሱ፣ በራሳቸው መሐረብ። ከድግሱ በኋላ ዱቄቱን ከነጆንያው ውስጥ ትተው በሩን ቆለፉት። ዋሲሁን እንደ ድሮው ለእኛ እንዳይሰጠን ደግሞ የበሬ አንገት የዱቄት ቤት ንብረት ነው ተባለና፣ እጢው በየቀኑ በዘበኛ ታጅቦ ጉድጓድ ይቀበር ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ስንዱን አከበሯት። ልክ የሆነ ሰው በከተማው ጥቂት ነበረና አርባዎቹ አርአያ ተባሉ። የፍራሽ ሰፊዎች ማኅበር ሰዎች ቤታችን መጥተው አሰፋፏን ተመለከቱ። መርፌዋን ታነሳለች፣ አየር ላይ ትቆማለች፣ ቆይታ ትወጋለች።

"እንዲህ ነው እንጂ፣ ጥድፊያ የለ፣ ግርግር የለ" አሉ።

አንድ ፍራሽ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ሌሎቹም ዘጠኝ ቀን እንዲፈጅባቸው ታዘዘ።

አንድ ጠዋት ከሰል አራግፌ ስገባ የግራ አውራ ጣቷን ከፍራሹ ጋር ሰፍታዋለች። ሦስት ስፌት።

"ስንዱ፣ እጅሽን እዪው።"

አየችው። ጠበቅኳት።

"ለካ እሱ ነው የያዘኝ" አለች። ድምፁ የሟች አባታችን ድምፅ ነበር። "እኔ ደግሞ ፍራሹ የከበደኝ መስሎኝ።"

ክሩን ቆረጥኩላት። ደሟ እንኳ ለመውጣት አሰበ። በዚያው ሳምንት ከአርባዎቹ አንዱ፣ ሸማኔው፣ ልክ እንደሆነ ሞተ። ያኔ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዱቄቱ ሲሸጥ ገንዘብ አልነበረኝም። አሁን ገንዘብ አለኝ፣ ዱቄት አይሸጥም። እህቴ በሁለቱ መሐል ልትሞትብኝ ነው።

አቶ መርዕድ ዘንድ ሄድኩ።

"ይክፈቱልኝ፣ የጠየቁትን እከፍላለሁ" አልኳቸው።

"ለማን ልክፈት? በሽተኛ የለም።"

"ልክ ሰው ራሱ ነው የታመመው። የእሱ እጅ ስለቀዘቀዘ ነው የበረደው ሁሉ ደህና የሚመስለው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማን አለ?"

"እኔ።"

"ሴትዮ፣ አንቺ ከሰል ሻጭ ነሽ። እገሌ ታሟል፣ እገሌ ድኗል የሚለው ልክ ሰው ነው። እሱ ራሱ ታምሜያለሁ ቢል ደግሞ ልኩ ያ ይሆናል፤ ያልታመምነው ሁላችን በሽተኞች ነን ማለት ነው። ያን ሁሉ በሽተኛ ማን ይችለዋል?" አሉና መሐረባቸውን ሰጡኝ። አላለቀስኩም ነበር፤ አጥፌ መለስኩላቸው።

ከዚያ ወደ ጋሽ ማናዬ ቤት። ከሰል በየቀኑ የማደርስለት እኔ ነኝ። በሁለት ምድጃ መሐል፣ ሦስት ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል።

"ትርንጎ፣ ከሰልሽ አይሞቅም" አለኝ።

"ከሰሌስ ይሞቃል። የማትሞቀው አንተ ነህ። ቅንድብህ የት ሄደ?"

ዳሰሰው። "ሄደ እንዴ?"

"ጫፉ የለም። የእህቴም የለም። ጋሽ ማናዬ፣ ታመሃል።"

"ልክ ሰው አይታመምም።"

"አምና እንዲህ አልነበርክም።"

"የአምናው ማናዬ ከሹመቱ ወርዷል" አለና ትንሽ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ደከመው። እሳቱን እያየ ቆየና እንዲህ አለኝ፤ "እውነቱን ልንገርሽ። ብርድ ነው ያልኩ ዕለት፣ አንድ ሰው 'ኧረ ምን ነካህ፣ ሙቀት ነው' ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁሉም ሮጦ ጋቢውን ለበሰ። እኔ ታዲያ ማንን ልመን?"

እኔም ያን ዕለት ጋቢዬን ለብሻለሁ። ምድጃውን ቆሰቆስኩለት።

"ዱቄቱን ብትወስድስ?" አልኩት በመጨረሻ።

"መድኃኒት የወሰደ ልክ ሰው፣ ልኩ የመድኃኒቱ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። መድኃኒት ላልነካ ምያለሁ። መሐላ አላፈርስም።"

ቤት ገብቼ የስንዱን ጣሳ አወረድኩ። ከግማሹ ካጠራቀመችው ዱቄት የቀረው አሥራ ስምንት ሙሉ ቁንጣሪ ወጣው።

"ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ" አልኳት።

"ሲያልቅስ?"

"እስኪያልቅ አስባለሁ።"

"አንቺ ስታስቢ አሥራ ስምንት ቀን አይበቃሽም።" ዓይኗን ጨፈነች፤ የተኛች መስሎኝ ነበር። "ለጋሽ ማናዬ ስጪው።"

"ምን አልሽ?"

"እኔ ብሞቅ አሥራ ስምንት ቀን ነው። እሱ ከሞቀ ግን እኔ በርዶኛል ይባላል። ከበረደኝ ካርድ አለኝ።"

"እስከዚያ ማን ያቆይሻል?"

"በዘጠኝ ቀን አንድ ፍራሽ አይደል የምሰፋው? ሁለት ፍራሽ ልስፋ።"

አይሆንም አልኩ። ተቆጣሁ፣ አባታችንን ጠራሁ፣ እናታችንን ጠራሁ። ሰዎች እኔን ግትር ይሉኛል። ስንዱ ግን ተኝታ ነው የምትከራከረው፤ የተኛን ሰው ረትቶ የሚያውቅ የለም።

መሐላውን እንዴት እንደምናልፈው ሁለት ቀን አሰብኩ። በአገራችን ሕግ ልክ ሰው ፊት የቀረበ ነገር ሁሉ ሊለካ ይገባዋል። በልኩ ያልተስማማ ሰው ደግሞ እስኪስማማ ድረስ ማስለካት ይችላል፤ ዕቃው ሲለካ ከፈለገ እሱም አብሮ ይለካል። ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው በተጠራ ጊዜ ይቀርባል እንጂ አይሸጥም፣ አይቆለፍም። ይህ ሕግ ለጨርቅ ነጋዴዎች የወጣ ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ ያስለካ ግን የለም፤ ሰው ያፍራል። እኔ ማፈር ብዙ አልተማርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጣሳዬንና ቢላዬን ይዤ አደባባይ ቀረብኩ።

"ምንድነው የያዝሽው?" አለ ጋሽ ማናዬ።

"ዱቄት ነው። ልኩን እንድትነግረኝ ነው።"

አቶ መርዕድ ከወንበራቸው ተነሱ። "መድኃኒት ነው እኮ።"

"በሽታው ጠፋ ብለው ደግሰው የለም እንዴ? በሽታ በሌለበት መድኃኒት ከየት ይመጣል? ዱቄት ነው።"

አሰቡ። ቁጭ አሉ።

ጋሽ ማናዬ ብዙ አየኝ። "በምን ይለካል?"

"በባዶ ሆድ፣ በምላስ።"

በቢላ ጫፍ ሰጠሁት። ዋጠ። "ልክ ነው" አለ።

"አልተስማማሁም።"

"ምኑ ላይ?"

"እኔ እንጃ። ብቻ አልተስማማሁም። ነገ ይለካልኝ።"

የአደባባዩ ጸሐፊ ጻፈ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ እያላበው ሊስቅብኝ ይመጣል። ከጨርቅ ነጋዴዎቹ አንዱ "ትርንጎ፣ ለአንድ ጣሳ ዱቄት እንዲህ ከሆንሽ ለአንድ ጣቃ ጨርቅማ ትቀብሪናለሽ" አለኝ። በስድስተኛው ቀን ስደርስ ጋሽ ማናዬ ቁርሱን ሳይነካ ወንበሩ ላይ ቀድሞኝ ጠበቀኝ። አፉን ከፈተ።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ግን አያስቅም። በዘጠነኛው ቀን ስንዱ "ስንተኛው ነው?" አለችኝ። ዘጠኝ አልኳት። "አንድ ፍራሽ" አለች። ፍራሹን ግን አልነካችውም፣ ከጎኗ እንደተዘረጋ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልነሳ አለች፤ አጥሚት በማንኪያ አበላታለሁ። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሐል ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ከሸማኔው በኋላ ሌሎች ሁለት ከአርባዎቹ ሞቱ። ልክ ነበሩ፣ መዝገቡም እንዲያ ይላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ አደባባይ መሄዴን ተውኩና የስንዱን ቁንጣሪ በቢላ ጫፍ አድርጌ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ዓይኗን አልገለጠችም። ጥርሷን ገጠመች። ለመንኳት። አልከፈተችም። ተነስቼ ሄድኩ፣ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ጋሽ ማናዬ አፉን ከፍቶ ነበር የሚጠብቀኝ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጣሳውን ቧጠጥኩት። ዋጠ። "ልክ ነው" አለ። "አልተስማማሁም" አልኩ፤ በእጄ ምንም የለም። ጋሽ ማናዬ አንዱን ጋቢ ከላዩ ጣለው። ሁለተኛውን ጣለው። ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ ወጣች፣ በአፍንጫው ላይ ወረደች። አደባባዩ ሁሉ ያቺን ጠብታ ነበር የሚያየው።

"ሙቀት ነው" አለ።

ሙቀት ሆነ። ጋቢ በየቦታው ወደቀ። ምድጃ ላይ ውሃ ሲደፋ ቤቱ ሁሉ ጭሽ ጭሽ አለ። የእኔ ንግድ ያን ዕለት ሞተ፤ ዞር ብዬም አላየሁት።

ሮጬ ስንዱን አስመጣሁ። አባተና ዋሲሁን ባልጨረሰችው ፍራሽ ላይ እንዳለች ተሸክመው አደባባይ አወረዷት። ጋሽ ማናዬ እጇን ያዘና እሳት እንደነካው ሰው ቶሎ ለቀቀው።

"ይህች ሴት በርዷታል" አለ።

ካርድ ተጻፈ። ገንዘቤን አቀረብኩ። አቶ መርዕድ ቁልፋቸውን አወጡ፣ መልሰውም ከተቱት።

"ዱቄቱ ብዙ ወር ቆሟል" አሉ። "የቆመ መድኃኒት መንገዱን ይረሳል። እንደገና መዞር አለበት። አሥራ አምስት ዙር፣ አሥራ ሁለት ቀን። ዋጋው ደግሞ ሃያ ጆንያ።"

"ሃያውን ይውሰዱ። አሥራ ሁለት ቀን ግን የላትም።"

መሐረባቸውን አወጡ።

እኔ ወደ ጋሽ ማናዬ ዞርኩ። "ያስለካሁት ዱቄት ክርክሩ አላለቀም። አልተስማማሁም ብያለሁ፣ ጸሐፊውም ጽፏል።"

"ጣሳሽ ባዶ ነው።"

"ጨርቅ ሲከራከሩበት ቁራጩ ብቻ ነው እንዴ የሚቀርበው? ጣቃው ነው። የዚያ ዱቄት ጣቃው እዚያ ውስጥ ነው" ብዬ ዱቄት ቤቱን አሳየሁት።

መልሱ በዚያን ጊዜ ከቅርብ ነበር የመጣው። "ክርክር ያለበት ነገር አይሸጥም፣ አይዞርም፣ አይቆለፍም። ይቅረብ" አለ።

ሕግ ነውና አቶ መርዕድ ከፈቱ። ጆንያዎቹ አደባባይ ወጡ። አንዱ ተፈታ።

"ተከራካሪ አብሮ ይለካል ይላል ሕጉ" አለ ጋሽ ማናዬ። "ትርንጎ፣ አንቺ ተከራካሪ ነሽ፣ በሽተኛ ግን አይደለሽም። እህትሽስ? ከኔ ልክ ጋር ተስማምታለች ወይስ አልተስማማችም? ከራሷ አፍ መስማት አለብኝ።"

ስንዱ ጎን ተንበረከክኩ። "ስንዱ፣ ሰማሽ? አንድ ቃል ነው።"

ዓይኗ ተከድኗል። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። አቶ መርዕድ እንኳ መሐረቡን እንደያዙ ቆሙ። እኔ ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ አንድ ምት ቆጠርኩ። ጠበቅኩ። ሁለተኛውን ቆጠርኩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ሦስተኛውን ቆጠርኩ።

"አልተስማማሁም" አለች በአባታችን ድምፅ።

ጋሽ ማናዬ ራሱ ከወንበሩ ወርዶ በቢላ ጫፍ ሰጣት። ጥርሷን አልገጠመችም።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አደባባይ እንሰበሰባለን። ሠላሳ ሰባቱም ተከራካሪ ሆነው ተመዝግበዋል። ከጋሽ ማናዬ ጋር በባዶ ሆዳቸው ይለካሉ፣ እሱ "ልክ ነው" ይላል፣ እነሱ "አልተስማማንም" ይላሉ፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ ሳንቲም የጠየቃቸው የለም፤ ክርክር ላይ ያለ ነገር አይሸጥማ። ጆንያው ሲጎድል ዋሲሁን በግድግዳው በኩል ያቀብላል። አባተ በበቅሎዋ ጨው ይጭናል። እኔም የተረፈኝን ከሰል በርካሽ እያወጣሁ ነው። ጋሽ ማናዬ የቀረው አንድ ዓመት ተኩል ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ልክ ሰው ዱቄት መለካት ይወድ እንደሆነ አላውቅም።

አቶ መርዕድ ማኅተማቸውን ይዘው በየጠዋቱ ይመጣሉ። ትናንት ጠጋ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ።

"እመት ትርንጎ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የምትስማሙት?"

"እኔ እንኳ አላስቸግርም" አልኳቸው። "እሷን ይጠይቋት።"

ስንዱ እዚያው አደባባይ ጥግ ተቀምጣ ፍራሽ ትሰፋ ነበር። ቀና አላለችም።

"ነገ ይለካ" አለች።